የአዋቂዎች የደም ካንሰርና ሐኪሙ፦ ጎጃም ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታላቅ ወንድሜ ደምበጫ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነው። የደም ካንሰር እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ የእኔ ስልክ አያርፍም። ከቡሬ ይደወላል፣ ከሞጣ ይደወላል፣ ከዳንግላ ይደወላል። አንዳንዱን ሰው ጨርሶ አላውቀውም። «ወንድምህ ታሞ ነበር አሉ፤ አሁን እያረሰ ነው አሉ፤ እንዴት አደረጋችሁ?» ይለኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ወንድሜን ይዤ የዓባይን በረሃ ስመላለስ፣ ሐኪሞቹ የነገሩኝን ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ ያልገባኝን ደግሜ እየጠየቅኩ ነው የተማርኩት። የእናንተን ሕክምና የሚወስነው የእናንተ ሐኪም ነው።

የደም ካንሰር ሲባል ምን ማለት ነው?

ደም የሚሠራው አጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ቀዩ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ያመላልሳል። ነጩ ከበሽታ ይከላከላል። ፕሌትሌት የሚባለው ስንቆስል ደሙን ያቆማል። በደም ካንሰር ጊዜ መቅኔው ውስጥ ያለ ደም ሠሪ ሕዋስ ይበላሽና ያለ ልክ መራባት ይጀምራል። ስንዴ ማሳ ውስጥ የገባ እንክርዳድ አስቡ። ሲያዩት ስንዴ ይመስላል። ግን እህል አይሆንም፤ የስንዴውንም ቦታ ይሻማል። ነጭ የደም ሕዋሱ በዝቶ ሳለ ሰውየውን ኢንፌክሽን የሚያጠቃው ለዚህ ነው። የበዛው እንክርዳዱ ነው።

ቀዩ ሲያንስ ሰውየው ይደክመዋል፤ ትንሽ ዳገት ሲወጣ ልቡ ድው ድው ይላል። ፕሌትሌቱ ሲያንስ ድዱ ይደማል፣ ይነስረዋል፣ እግሩ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጠብጣቦች ይወጡበታል። ሌሊት በላብ መጠመቅ፣ ክብደት መቀነስ፣ የማይለቅ ትኩሳትም አለ።

ሐኪሞቹ ሉኪሚያ ይሉታል። ከግሪክ የተወሰደ ቃል ነው፤ «ነጭ ደም» ማለት ነው።

የደም ካንሰር ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የትኛው ነው?» ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው መልስ የለውም። «የደም ካንሰር ነው አሉን» ብሎ ያበቃል። ቤተሰቡ ስሙን እንደሰማ የሬሳ ሳጥን ማሰብ ይጀምራል። ይሄ ልቤን ይሰብረዋል፤ ምክንያቱም ዓይነቱ ሲለያይ ዕጣውም በጣም ይለያያል።

ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው። ሁለቱ ፈጣን ናቸው፣ ሁለቱ ቀስ ብለው የሚሄዱ ናቸው። ፈጣኖቹ ኤኤምኤልና ኤኤልኤል ይባላሉ። በሳምንታት ውስጥ ሰውን ይጥላሉ፤ ሆስፒታል ተኝቶ ኬሞ (የካንሰር ሕዋስ የሚገድል ጠንካራ መድኃኒት) መውሰድ ይጠይቃሉ። ቀርፋፋዎቹ ሲኤምኤልና ሲኤልኤል ናቸው። ሲኤምኤል የወንድሜ ነው። በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ለዓመታት ይያዛል። ሲኤልኤል ደግሞ ይበልጡን በዕድሜ የገፉትን የሚይዝ ነው። ምልክት ካላመጣ ሐኪሙ መድኃኒት ሳያዝ በቀጠሮ ብቻ ሊከታተለው ይችላል። «መድኃኒት ከለከሉን» ብለው የተቆጡ የአንድ አዛውንት ልጆች ደውለውልኝ ነበር። አልከለከሏቸውም። ምልክት ሳይኖር ቀድሞ መጀመሩ ዕድሜ እንደማይጨምር በጥናት ስለታወቀ ነው የሚጠበቀው።

ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣታችሁ በፊት «የትኛው ዓይነት ነው? እዚህ ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ» በሉ።

ይህን የሚያክመው ምን ዓይነት ሐኪም ነው?

ሄማቶሎጂስት ይባላል፤ የደም በሽታ ሐኪም ነው። መጀመሪያ ጠቅላላ ሕክምና ይማራል፣ ከዚያ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ደምን ብቻ ያጠናል። ሲደመር ከአስር ዓመት በላይ ነው። አገራችን ውስጥ ቁጥራቸው ትንሽ የሆነውም ለዚህ ነው። የልጆቹ የደም ካንሰር በሕፃናት ሐኪም ሥር ነው፤ እኔ እዚህ የማወራው ስለ አዋቂዎቹ ብቻ ነው።

ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እነዚህ ሐኪሞች አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም ናቸው። ጠዋት ታማሚ ያያሉ፣ ከሰዓት የታማሚዎቻቸውን መዝገብ ይዘው የትኛው መድኃኒት ለማን እንደሠራ ያጠናሉ። ወንድሜን የሚያዩት ሐኪም ሁልጊዜ «ስንት ቀን ኪኒን ዘለልክ?» ብለው ይጠይቁታል። መጀመሪያ ሊቆጡት መስሎት ይደብቃቸው ነበር። በኋላ ነው የገባን፤ ትክክለኛውን ካልነገርናቸው መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ማወቅ አይችሉም።

ጎጃም ውስጥ ሆኜ የት ልጀምር?

ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጀምሩ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ ነው፤ ውድ ምርመራ አይደለም። ጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነጭ የደም ሕዋስ አለው። የወንድሜ ከ200,000 በላይ ነበር። ላብራቶሪው ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ሁለቴ ነው የሠራው።

ከሲቢሲው ቀጥሎ ደሙን መስታወት ላይ አስጥቶ በማይክሮስኮፕ ማየት አለ። ጎበዝ የላብራቶሪ ባለሙያ እዚያ ላይ ብዙ ነገር ያያል። ከዚያ ሪፈር ትባላላችሁ። ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን፣ ከዚያም እንደ ነገሩ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ድረስ ሊሆን ይችላል።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ያላችሁ ሰዎች፣ ሪፈሩን በተራው ሳትይዙ ዘላችሁ ትልቁ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ማኅተሙን እዩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ሌሊት ተነስቶ፣ ደጀንን አልፎ፣ ጎሃ ጽዮን ወጥቶ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው በማኅተም ምክንያት ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጣፊያ ካበጠ የደም ካንሰር ነው ማለት ነው?

ይህን በደንብ ልመልሰው፤ እኛን ስድስት ወር ያስከፈለን እሱ ነው።

ወንድሜ ግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ይከብደው ነበር። ሁለት ጉርሻ ሲበላ ይጠግባል። ብር ሸለቆ አካባቢ ለሥራ ወርዶ ስለነበር ሁላችንም «ወባ ነው» አልን። የሄድንበት ክሊኒክም የወባ መድኃኒት ሰጠው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ደሙን የቆጠረለት ሰው አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በእኛ አገር ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ ብዙ ነው። ወባ አለ። ጣና ዳር ለሚውል ሰው ቢልሃርዚያ አለ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ ለተመለሰ ጎልማሳ ደግሞ ካላዛር አለ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ካላዛርም ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ እብጠት ያመጣል። ልዩነቱ ደሙ ላይ ይታያል። በካላዛር ጊዜ የደም ሕዋሳቱ ሁሉ ያንሳሉ። በሲኤምኤል ጊዜ ነጩ ከመጠን በላይ ይበዛል። ስለዚህ ጣፊያው ያበጠ ሰው ወባው ቢገኝበትም ባይገኝበትም ሲቢሲ ይሠራለት። ከወባ መድኃኒት በኋላም እብጠቱ ካልቀነሰ ደግሞ ይሠራለት።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ያበጠ ጣፊያ አይታሽም፣ አይተኮስም፣ አይበጣም። ያበጠ ጣፊያ ከተመታ ሊቀደድና ሆድ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ፕሌትሌቱ ያነሰ ሰው ከተበጣ ደሙ እንቢ ይላል። እናታችን ወጌሻ ልታስጠራ ነበር፤ የጎረቤት ልጅ፣ ነርስ ናት፣ «እቴቴ፣ በእመብርሃን፣ አይነካ» ብላ አስጣለቻት። እስከ ዛሬ እናመሰግናታለን።

መቅኔ ሲወሰድ ሽባ ያደርጋል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ለምርመራ የሚፈለገው የመቅኔ ናሙና የሚወሰደው ከዳሌ አጥንት፣ ከኋላ በኩል ነው። ከአከርካሪው ነርቭ ጋር አይገናኝም። ቦታውን ያደነዝዙታል፣ መርፌው ይገባል፣ መቅኔው ሲሳብ ለጥቂት ሰከንዶች የሚያስጮህ ሕመም አለ። ከዚያ ያልፋል። ወንድሜ በዚያው ቀን በእግሩ ሄዶ ምሳውን በልቷል።

ሲኤምኤል በኪኒን ብቻ እንዴት ይያዛል?

የዚህን ታሪክ ሳወራ አልጠግብም።

እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ ከተማ የሲኤምኤል ታማሚዎችን ሕዋስ ሲያዩ አንዲት ያጠረች ክሮሞዞም (ሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከም ክር) አገኙ። የፊላዴልፊያ ክሮሞዞም ተባለች። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባለች ሐኪም፣ ክሮሞዞሟ ያጠረችው 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ስለተለዋወጡ መሆኑን አሳየች። በኋላ እንደታወቀው፣ ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል አዲስ ጂን ይፈጠራል። ይህ ጂን ሕዋሱን «ተባዛ፣ ተባዛ» እያለ የሚያዝ ፕሮቲን ያሠራል። ማጥፊያው ጠፍቶ ሌት ተቀን እንደሚበራ አምፖል ነው።

ከዚያ ብሪያን ድረከር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ የደም ካንሰር ታማሚዎችን እያከመ የሚመራመር ሰው፣ ያንን ፕሮቲን ለይቶ የሚዘጋ መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር ጀመረ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1998 ነበር። ሌላ መድኃኒት እንቢ ካላቸው ታማሚዎች መካከል 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማው ተመለሰ። ኢማቲኒብ የሚባለው ይህ ነው፤ ግሊቬክ ብላችሁም ታውቁት ይሆናል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት የሲኤምኤል ታማሚ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ጥቂት ዓመት ነበር። ኢማቲኒብን በመጀመሪያው ትልቅ ጥናት የጀመሩት ሰዎች ከአስር ዓመት በኋላ ሲታዩ ከመቶው 83ቱ በሕይወት ነበሩ።

ወንድሜ በቀን 400 ሚሊግራም ይውጣል። ከምግብ ጋር፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ። መጀመሪያ አካባቢ ዓይኑ ሥር ያብጥ ነበር፣ ሌሊት ባቱን ቁርጥማት ይይዘው ነበር፣ ያቅለሸልሸው ነበር። ቆዳው ደግሞ ቀላ። ይህን ቀድማችሁ እወቁት። ኢማቲኒብ የቆዳ ቀለም ሊያሳሳ ይችላል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ቶሎ ይታያል። መንደር ውስጥ ሌላ ወሬ ተነስቶ ነበር። በሽታው አልባሰበትም፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሲሻለው ነው። ጣፊያው ሟሸሸ፣ ጉልበቱ ተመለሰ። «አሁንማ ድኛለሁ» ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተወው። በሽታው ግን አልሄደም ነበር፤ ተኝቶ ነው። ሲመለስ መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ወደ ፈጣኑ ደረጃ የተሻገረ ሰው አውቃለሁ። ወንድሜ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ተመልሶ ጀመረ፤ ዕድለኛ ነበር።

በሽታው ምን ያህል እንደቀነሰ የሚለካው ፒሲአር በሚባል የደም ምርመራ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የሚመረመርበት ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ለዚህም የሚሆን ካርትሪጅ አለው። ሐኪሙ የሚፈልገው የቢሲአር-ኤቢኤል መጠን በሦስት ወር ከ10 በመቶ በታች፣ በዓመት ደግሞ 0.1 በመቶና ከዚያ በታች እንዲወርድ ነው። ለዓመታት በጣም ዝቅ ብሎ የቆየላቸው አንዳንድ ሰዎች በሐኪም ክትትል ማቆምን ይሞክራሉ፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ ተመልሶባቸው እንደገና ይጀምራሉ። በየወሩ የሚለካ ምርመራ በሌለበት ይህ አይሞከርም።

ኪኒኑ ውድ አይደለም?

ዋጋው ለገበሬ ቤት የሚቻል አይደለም። ነገር ግን ማክስ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት በሽታው በምርመራ ለተረጋገጠላቸው ሰዎች በነጻ እንዲደርሳቸው ያደርጋል፤ እኛ አገር የተጀመረው በጥቁር አንበሳ በኩል ነው። ሐኪማችሁን ስለዚህ ጠይቁ። መመዝገብ ግን የተሟላ ወረቀት ይፈልጋል።

የመንገዱ ነገር ደግሞ አለ። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል፣ ቀጠሮ ሲያልፍ ኪኒን ያልቃል። ሐኪሙን «የምኖረው ሩቅ ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ የሚበቃ ይስጡኝ» በሉት። እኛ ቤት ሁልጊዜ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ አለ። ከእሱ አንነካም።

በጾም ጊዜ ኪኒኑን እንዴት አድርጌ ልውሰድ?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ስልኩ ይብሳል።

ኪኒኑ በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ ሆድ ያቃጥላል፣ ያስታውካል። በቀን አንዴ ብቻ ለታዘዘለት ሰው ግን መላ አለው። ዓመቱን ሙሉ ከእራት ጋር ማድረግ ነው። ከሐኪማችን ጋር ተነጋግረን ወንድሜን ወደ ማታ አዛወርነው። ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እራቱን ይበላል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ ሳይተኛ ትንሽ ይቀመጣል። በጾሙም በፍስኩም ሰዓቱ አንድ ነው። ቢጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል፤ ቢቆርብም ኪኒኑ አይነካበትም። ውሃ ግን ማታ በደንብ መጠጣት አለበት።

ኬሞ ላይ ላለ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። እሱ መብላት አለበት። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የእኛው አባት ያለ ምንም ማመንታት «የታመመ ሰው አይጾምም፤ ጾሙን እኛ እንጾምለታለን» ነው ያሉት። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ ነው ለጎረቤት ታማሚ የዶሮ መረቅ በዐቢይ ጾም ይዛ የሄደችው።

ጠበል ብሄድ መድኃኒቱን ላቁም?

አታቁሙ። እኛም ጠበል ሄደናል። መድኃኒቱ ኪሳችን ውስጥ ነበር። በኤችአይቪ ጊዜ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ትቶ ጠበል ገብቶ ሲጎዳ፣ በጊዜው የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን ተናግረዋል። ያ ለእኛም ይሠራል።

የምጠነቀቅበት ነገር አንድ ነው። በኬሞ ምክንያት ነጭ የደም ሕዋሱ ያለቀ ሰው ሰው በታጨቀበት ጸበል ቦታ ማደር፣ ያልፈላ ውሃ መጠጣት፣ ብርድ ላይ መቆም አይችልም። ጠበሉ ቤቱ ይምጣለት።

የባህል መድኃኒትስ?

ቅጠልን አልንቅም። ለኤኤልኤል የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት የተገኘው ከማዳጋስካር ከመጣ የአበባ ተክል ነው። ግን ከተክሉ ውስጥ አንዷን ንጥረ ነገር ለይተው፣ በሚሊግራም ለክተው፣ በደም ሥር ብቻ ነው የሚሰጡት። ልኩ ትንሽ ካለፈ ነርቭ ይጎዳል። ቤት ውስጥ የተቀቀለ ሥር ልኩ አይታወቅም፤ ጉበትን ከጎዳ ደግሞ ሐኪሙ ኬሞውን ለማቋረጥ ይገደዳል። አረቄም እንደዚሁ ጉበት ላይ ነው ሥራው፤ ከዳንግላም ይምጣ ከደብረ ማርቆስ፣ ይቅር።

የወሰዳችሁት ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። ሌላ መድኃኒት ስትጀምሩም እንዲሁ። ለምሳሌ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የኢማቲኒብን ኃይል በጣም ያወርደዋል። ነቀርሳ የሚያክመው ባለሙያ ይህን እንዲያውቅ የኢማቲኒቡን ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ።

ኬሞ የጀመረ ሰው ቤት ውስጥ ምን ይጠንቀቅ?

ፈጣኖቹን የደም ካንሰሮች ለማከም የሚሰጠው ኬሞ መጥፎውንም ጥሩውንም ያጭዳል። ለኤኤምኤል የተለመደው አሰጣጥ ሳይታራቢን ለሰባት ቀን፣ ዳውኖሩቢሲን ለሦስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሰውነቱ መከላከያ የለውም።

ቴርሞሜትር ግዙ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ሌሊት ቢሆንም፣ ዝናብ ቢሆንም። ፓናዶል ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ ሰው የሚሞትበት ስህተት ነው። ጥሬ ሥጋ አይበላም፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎ አይቀመስም። ከበረት፣ ከእበትና ከሻገተ ድርቆሽ ይራቅ። ጠያቂውን ደግሞ እባካችሁ በር ላይ መልሱት። እኛ ጎጃሞች የታመመ ለመጠየቅ አሥር ሆነን ነው የምንገባው፤ የምንስመውም አገላብጠን ነው። ፍቅራችንን በር ላይ እጅ ነስተን እንግለጸው።

ከኤኤምኤል ውስጥ ኤፒኤል የሚባል አንድ ዓይነት አለ። መጀመሪያ ላይ በድንገት እያደማ የሚገድል እሱ ነው። ግን በቶሎ ከተለየ ከቫይታሚን ኤ ዘር የሚሠራ ኤቲአርኤ የሚባል እንክብል አለው፤ ይህን በሰው ላይ ያሳዩት የሻንግሃዩ ሐኪም ዋንግ ዠንዪ ናቸው። በአግባቡ ከታከሙት አብዛኞቹ ፈጽመው ይድናሉ። ያውና «የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ።

ይተላለፋል? ይወረሳል?

አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛት ምንም አያመጣም። አብዛኛውም በዘር አይወርድም። እርግማንም አይደለም፣ ቡዳም አይደለም። ከሚታወቁት መንስኤዎች አንዱ ነዳጅ ውስጥ ያለው፣ በእንግሊዝኛ benzene ተብሎ የሚጠራው ኬሚካል ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ነዳጅ በአፋችሁ በጎማ የምትስቡ ልጆች፣ ተዉት።

ለታማሚው እንንገረው ወይስ እንደብቀው?

«እንዳይሰማ፣ ይደነግጣል» ይላል ቤተሰብ ሁሉ። እኛም ብለናል። ሐኪሙን በር ላይ ይዘን «ዶክተር፣ የጨጓራ ነው ይበሉት» ብለን ለምነናል። እሳቸው እሺ አላሉም። ወንድሜን አስቀምጠው፣ ቀስ ብለው፣ በእንክርዳዱ ምሳሌ ነገሩት። ምሳሌው የእሳቸው ነው። ወንድሜ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ በየዓመቱ አርም የለ» አላቸው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ንገሩት። ለጨጓራ ብሎ የሚውጥ ሰው ጨጓራው ሲሻለው ይተወዋል። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው አይሰጥም። ደግሞ የእሱ ሕይወት ነው፤ መሬቱን የሚያካፍለው፣ ልጁን የሚድረው፣ የሚናዘዘው እሱ ነው።

ሐኪሙ «ጥናት ውስጥ ግባ» ቢለኝ መሞከሪያ ሊያደርገኝ ነው?

ፍርሃቱ ይገባኛል። መጀመሪያ የሚጠየቅ ነገር አለ። ጥናቱ ምን ዓይነት ነው? አብዛኛው እኛ አገር የሚሠራው መዝገብን መመልከት፣ ጥያቄ መጠየቅ፣ ትንሽ ደም መውሰድ ነው። አዲስ መድኃኒት ከሆነ ጥቅሙና ጉዳቱ በሚገባችሁ ቋንቋ ይነገራችኋል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው መሆን አለበት፣ ፈርማችሁ ትገባላችሁ። ማንበብ ለማይችል ሰው በምስክር ፊት ይነበብለታል። እንቢ ማለት ይቻላል። ገብቶ መውጣትም ይቻላል፤ በዚህ ምክንያት መደበኛ ሕክምናችሁ አይቀርም።

ወንድሜ ሲጠየቅ ገብቷል። እነዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 ኪኒኑን መጀመሪያ የዋጡት ሰዎች ባይኖሩ እሱ ዛሬ የሚውጠው አይኖርም ነበር። ይህን ስነግረው ጊዜ አልወሰደበትም።

ሴት ታማሚ ልጅ መውለድ ትችላለች?

ኢማቲኒብ እየወሰዱ ማርገዝ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ማጥባትም አይፈቀድም። ስለዚህ ከማርገዝ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነው። በሽታው በጣም የወረደላት ሴት በዕቅድ የምትወልድበት መንገድ አለ። እርጉዝ መሆናችሁን ካወቃችሁ ደግሞ ሳትፈሩ በዚያው ቀን ደውሉ።

ቤተሰቡ በምን ሊረዳ ይችላል?

ደም በመስጠት። የደም ካንሰር ታማሚ ደም ይጨርሳል። ቀይ ደም ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፤ ፕሌትሌት ግን አምስት ቀን ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ አንድ ቀን መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሰጥቶ ከዚያ መጥፋት አይጠቅምም። እኛ ተራ አወጣን። ዕድራችን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ18 በላይ የሆኑ ጤነኞች ስም ተጻፈ፣ በየሦስት ወሩ የሚሰጥ ተመደበ። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም የደም ባንክ አለ።

መጀመሪያ ቀን ሐኪሙ ዘንድ ምን ይዤ ልሂድ?

እስካሁን የተሠሩላችሁን የላብራቶሪ ወረቀቶች ሁሉ፣ የተቀደዱት እንኳ ቢሆኑ። በተለይ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የተሠራችውን የመጀመሪያዋን ሲቢሲ። የሪፈር ወረቀቱን ከነማኅተሙ። የመድን ካርዱን። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነሳጥኑ። መጻፍ የሚችል አንድ ሰው። ጥያቄዎቻችሁን ማታ ጽፋችሁ ግቡ፤ እዚያ ስትደርሱ ይጠፋችኋል። የእኛ የመጀመሪያዋ ወረቀት ላይ ቡና ፈሶባታል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል፤ ሐኪማችን እስከ ዛሬ በየቀጠሮው እሷን አውጥተው ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ያዩዋታል።